ስጦታ ብዬ የላክሁት ዕዳ

ጓደኛዬ ፍራንክፈርት ሴት ልጅ ወለደች። ለሰማንያ ቀን ክርስትናዋ እንዲደርስ ብዬ ካርቶን ሞላሁ። ሚያዝያ 2015 ነው። ከሽሮ ሜዳ አንድ ጥበብ ቀሚስ በ4,200 ብር፣ ለሕፃኗ ትንሽዬ የሀገር ልብስ በ1,200፣ እናቴ የቆላችው ሁለት ኪሎ ቡና፣ አንድ ኪሎ በርበሬ። ሁሉም ተደምሮ ሰባት ሺህ ብር አይሞላም። ያኔ አንድ ዩሮ 60 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ ቢበዛ 117 ዩሮ ቢሆን ነው።

ፖስታ ቤት ፎርም ሰጡኝ። «ዋጋ» የሚል ቦታ አለው። እዚያ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። የስጦታ ዋጋ እንዴት ይጻፋል? እኛ ቤት ስጦታ የሚሰጠው የዋጋው ወረቀት ተልጦ ነው። ከኋላዬ የተሰለፉ አንድ ሰውዬ «ከፍ አድርገሽ ጻፊው፣ ቢጠፋ ካሳ ታገኛለሽ» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ የታየኝ ካሳው ብቻ አልነበረም። ጓደኛዬ ወረቀቱን አይታ «ወይኔ፣ ስንት አወጣችብኝ!» እንድትልልኝም ፈልጌያለሁ። 12,000 ብር ብዬ ጻፍኩ። የዕቃው ዝርዝር የሚለው ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ብቻ፦ ስጦታ።

ከሳምንታት በኋላ ደወለች። «ደረሰ! እልል ብያለሁ!» አለች። ጉዳዩ አለቀ።

አላለቀም ነበር። በ2017 ጥምቀት እህቷ መጥታ ቤታችን ቡና እየጠጣን ሳለ ወሬ ወሬን አምጥቶ አፈነዳችው። ለካ ያን ጊዜ ካርቶኑ ቤት አልደረሰም። የደረሰው ከጉምሩክ የመጣ ደብዳቤ ነው። ጓደኛዬ አራስነቷን ሳትጨርስ ሕፃኗን በጋሪ እየገፋች በባቡር ጉምሩክ ቢሮ ሄደች። እዚያ ካርቶኑን አስከፈቷት። ደረሰኝ ጠየቋት፣ የላትም። 12,000 ብር፣ ማለትም 200 ዩሮ ያወጣል ተብሎ ተጽፏል፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቡናው ተመዘነ፣ ሁለት ኪሎ። ወደ 50 ዩሮ ከፍላ ወጣች። የቀሚሱ ዋጋ 70 ዩሮ እንደነበር አትርሱ። በርበሬውም ፈስሶ የቀሚሱን ጥለት ከነጩ ለይቶ ማየት እስኪያቅት ቀብቶት ነበር።

ይህን ሁሉ ለሁለት ዓመት አልነገረችኝም። ይሉኝታ። እኔ ዋጋውን መናገር ነውር መስሎኝ፣ እሷ የከፈለችውን መናገር ነውር መስሏት፣ መሃል ላይ ጉምሩክ በላ። ከዚያ ወዲህ ለፍራንክፈርትም፣ ለለንደንም፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉ ዘመዶችም ልኬያለሁ። አሁን እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

ሰርፕራይዝ ይቅር

መጀመሪያ ለተቀባዩ ደውሉ። ፊቷ ሲበራ ማየት እንደምትፈልጉ ይገባኛል። ግን ቀረጥ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ተቀባዩ ነው። ሳታውቅ የመጣባት ክፍያ ከሰርፕራይዙ ይበልጣል። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በመታወቂያ ላይ ያለ ሙሉ ስም፣ የሚሠራ ስልክና ኢሜይል፣ በዚያ ሰሞን ቤት መኖር አለመኖሯን። ኢሜይሉ ቀልድ አይደለም። ጉምሩክም ሆነ አድራሹ (ዕቃውን የሚያደርሰው ድርጅት) ጥያቄ ሲኖረው ብዙ ጊዜ የሚያገኛት በእሱ ነው።

በዚያው ስልክ ላይ አንድ የሚያሳፍር ጥያቄም አለ። ገንዘብ ልካላችሁ «በርበሬና ሽሮ ላኩልኝ» ብላ ከሆነ ይህ ስጦታ አይደለም። ግዢ ነው። በአውሮፓ ኅብረትም በእንግሊዝም ስጦታ የሚባለው ግለሰብ ለግለሰብ፣ ያለ ክፍያ፣ አልፎ አልፎ፣ ለግል ወይም ለቤተሰብ መጠቀሚያ የሚልከው ነው። በየወሩ ለአንድ ሰው አምስት አምስት ኪሎ የሚሄድ በርበሬ፣ ጉምሩክ ዘንድ ሱቅ ይመስላል። ለግዢ የሚደረገው ምሕረት ደግሞ ትንሽ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ በተገዛ ዕቃ ላይ የነበረው የ22 ዩሮ የቫት ነፃነት ቀርቷል።

ጣሪያው ስንት ነው?

ብዙ ሀገር ለስጦታ የራሱ ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በታች ከሆነ ቀረጥም ቫትም የለም። እነዚህን በስልኬ ላይ ጽፌ ይዤያቸዋለሁ፦ ጀርመን፣ ስዊድን፣ ጣልያንና ሌሎቹ የኅብረቱ አገሮች 45 ዩሮ። እንግሊዝ 39 ፓውንድ። አሜሪካ 100 ዶላር። ካናዳ 60 የካናዳ ዶላር። ስዊዘርላንድ 100 ፍራንክ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቀሚሱ 70 ዩሮ ቢያወጣ «45ቱ ነፃ ነው፣ የ25ቱን ትከፍላለች» ብላችሁ አትቁጠሩ። አንድ ዕቃ ለሁለት አይቆረጥም። ከጣሪያው ካለፈ የሚታሰበው በሙሉው 70 ላይ ነው። በጀርመን መደበኛው ቫት 19 በመቶ ነው፣ በእንግሊዝ 20። በእንግሊዝ ደግሞ ጣሪያው ካለፈ ቫቱ የሚሰላው የፖስታውም ክፍያ ተደምሮበት ነው። በፈጣን ፖስታ ስትልኩ ማጓጓዣው ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ሂሳቡ ከየት እንደመጣ ሳይገባት ብትደነግጥ አይገርምም።

ለንደን ያሉት ጓደኞቼ ባልና ሚስት ናቸው። ለሁለቱም በአንድ ካርቶን ስልክ የእሱን ለብቻ፣ የእሷን ለብቻ እጠቀልላለሁ። በየጥቅሉ ላይ ስም እጽፋለሁ። በፎርሙም ላይ ለየብቻ እዘረዝራለሁ። እንዲህ ከሆነ 39ኙ ፓውንድ ለየሰዉ ይታሰባል። አሜሪካም 100 ዶላሩን በዚሁ መንገድ ለየሰዉ ትቆጥራለች። ለስሙ «ለሕፃኗ፣ ለአሻንጉሊቷ» ብሎ መከፋፈል ግን አይሠራም።

አሜሪካ ላይ ትንሽ ልቆይ። «ለአሜሪካ ስልክ ኖሬያለሁ፣ ማንም ከፍሎ አያውቅም» የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነታቸውን ነው። እስከ 800 ዶላር የሚደርስ ማንኛውም ዕቃ በነፃ ይገባ ስለነበር ስጦታ ነው አይደለም ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም። ያ ነፃነት ከነሐሴ 23 ቀን 2017 (ኦገስት 29 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተነሥቷል። የቀረው የ100 ዶላሩ የስጦታ ጣሪያ ነው። ድሮ ትርጉም ያልነበረው «ስጦታ» የሚለው ሳጥን አሁን ዋናው ሆኗል።

ስለ ቡናው

የሁለት ኪሎዬን ነገር እዚህ ላጥራ። በአውሮፓ ኅብረት ዋጋው ከ45 ዩሮ በታች ቢሆንም የመጠን ገደብ ያላቸው ዕቃዎች አሉ። ቡና ግማሽ ኪሎ። ሻይ መቶ ግራም። ሽቶ ሃምሳ ግራም። ጀርመን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ሌላ የቡና ግብር የሚባል ነገር አላት። ለተቆላ ቡና በኪሎ 2 ዩሮ ከ19 ሳንቲም። ቡናን ለዓለም ሰጠን የምንል ሰዎች ቡና በመላካችን ስንቀጣ ያስቃል፤ ግን ሕጉ ለብራዚሉም ለእኛም አንድ ነው።

ስለዚህ ለጀርመን ግማሽ ኪሎ የተቆላ ብቻ፣ በታሸገ ላስቲክ። «ጥሬውን ልላክላት፣ እዚያ ትቁላው» እንዳትሉ። ጥሬ ቡና ከዚህ ለማስወጣት የራሱ ፈቃድና ጣጣ አለው።

ስለሚበላው ነገር ካነሣን፦ ቋንጣና ቅቤ ለአውሮፓ አይሞከርም። ከኅብረቱ ውጭ የሚላክ ሥጋና የወተት ውጤት በፖስታ አይገባም። ተቀባይዋ ቀረጥ አይደለም የሚጠብቃት፣ ዕቃው ነው የሚቃጠለው። የእናታችሁ ንጥር ቅቤ ጀርመን እሳት ውስጥ ሲገባ አስቡት። አረቄም ለአሜሪካ በፖስታ አይሄድም። ጫትን አላነሣውም።

ፎርሙን መሙላት

ለአነስተኛ ዕቃ ሲኤን 22 የሚባል ትንሽ ወረቀት አለ። ለትልቁና ዋጋው ከፍ ላለው ሲኤን 23። በላቲን ፊደል ሙሉት። በአማርኛ ብትጽፉ ፍራንክፈርት ላይ የሚያነብ የለም።

«ስጦታ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ። ግን ዝርዝሩ ላይ «ስጦታ» ብላችሁ አትጻፉ። የእኔ ጥፋት ይህ ነበር። ስጦታ የተላከበት ምክንያት ነው፣ ዕቃ አይደለም። «ልብስ» ወይም «ምግብ» ማለትም አይበቃም። አሁን መረጃው ዕቃው ከመነሣቱ በፊት በኮምፒውተር ቀድሞ ይሄዳል። ግልጽ ያልሆነ ዝርዝር ያለው ካርቶን እዚሁ ሊቀር ይችላል። እኔ እንዲህ እጽፋለሁ፦ «የሴት የጥጥ ቀሚስ፣ በእጅ የተሸመነ፣ አዲስ፣ 1፣ 0.6 ኪሎ»። «የተቆላ ቡና፣ 1 ከረጢት፣ 0.5 ኪሎ»። ለየዕቃው ዋጋ ለየብቻ። የዕቃ መለያ ቁጥር የሚል ቦታ ካለ፣ የተቆላ ቡና 0901.21 ነው። የሴት የጥጥ ቀሚስ 6204.42። ቁጥሩ ሲኖር ማንም ከራሱ አይገምትም።

ዋጋውን እውነተኛውን ጻፉ። ሁለት ዓይነት መካሪ አለ። አንዱ የእኔው ሰውዬ ናቸው፣ ከፍ አድርጊ የሚሉ። ሌላው «አንድ ዶላር በይው» ይላል። አንድ ዶላር የተባለ ጥበብ ቀሚስ ያየ የጉምሩክ ሠራተኛ አይስቅም፣ ደብዳቤ ይጽፋል። ዋጋውን ራሱ ይገምታል። ለተቀባይዋም የሐሰት መግለጫ ጣጣ ይተርፋታል። ቢጠፋ ደግሞ የምትካሱት በጻፋችሁት ልክ ነው፣ አንድ ዶላር።

ደረሰኝ ተቀበሉ። ሽሮ ሜዳ ላይ ደረሰኝ ስትጠይቁ ፊት ቢጠቁርም ጠይቁ፣ በእጅ የተጻፈም ቢሆን። ፎቶ አንሥታችሁ ለጓደኛችሁ ላኩላት። እናት ያዘጋጀችው በርበሬ ደረሰኝ የለውም። ለእሱ የገበያ ዋጋውን እጽፋለሁ።

ብሩን ወደ ዩሮ ወይም ዶላር ስትመነዝሩ የዕለቱን የባንክ ምንዛሪ ተጠቀሙ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ በጭንቅላታችን የያዝነው ምንዛሪ ሁሉ አርጅቷል። ሰው ባሮጌው ቀን ሂሳብ እየመነዘረ የ40 ዩሮ ዕቃ 80 ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ። ጣሪያውን ያለፈው ዕቃው ሳይሆን ካልኩሌተሩ ነው።

ተቀባይዋን ባታገኟት ዕቃው ምን ይደረግ የሚል ቦታም በፎርሙ ላይ አለ። ይመለስ ወይስ ይተው? ባዶ አትተዉት። ይመለስ ካላችሁ የመመለሻው ሂሳብ ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል።

የብር መስቀል ወይም ብራና ለመላክ ያሰበ ሰው ደግሞ ከጀርመን ጉምሩክ በፊት የራሳችንን ያስብ። ጥንታዊ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይወጣም። አዲስ ሆኖ አሮጌ የሚመስልም ነገር ሊያስቆም ይችላል። ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ቀድሞ መያዝ ይሻላል።

በፖስታ፣ በኩሪየር ወይስ በሰው?

ሌላው የማይታሰብ ሂሳብ ከቀረጡ ላይ የሚታከለው የአገልግሎት ክፍያ ነው። አድራሹ ቀረጡን ለጉምሩክ ቀድሞ ይከፍልና ለድካሙ የራሱን ይጨምራል። ሦስት ዩሮ ቀረጥ ላይ ከቀረጡ የሚበልጥ የአገልግሎት ክፍያ ሊመጣ ይችላል። ኩሪየሮች (የግል ፈጣን አድራሾች) በአብዛኛው ከፖስታ ይበልጥ ያስከፍላሉ። ጥሩ ጎናቸው «ቀረጡን ላኪው ይክፈል» የሚል ምርጫ መስጠታቸው ነው። ጣሪያውን የሚያልፍ ስጦታ ለመላክ ከቆረጣችሁ ይህን ጠይቁ። ቢያንስ የምትሰጡት ስጦታ ይሆናል።

በሰው መላክ አለ። የእኛ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው። በአውሮፕላን ወደ ኅብረቱ የሚገባ መንገደኛ እስከ 430 ዩሮ የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባል። ከ45 ጋር ሲነጻጸር ሰማይና ምድር ነው። ሥጋና የወተት ውጤት ግን ለእሱም አይፈቀድም። «ትንሽዬ ፌስታል ናት» ብላችሁ ያልነገራችሁትን ቅቤ መሃል ላይ እንዳትከቱ። ቦሌ ላይ «ሻንጣህን ራስህ ነው ያሸግኸው?» ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። ካርቶኑን ክፍት አድርጋችሁ ስጡት፣ አይቶ ራሱ ይዝጋው።

በርበሬን በፖስታ ስትልኩ የባልትና ሱቅ ሄዳችሁ ላስቲኩን በማሽን አሳሽጉ። ከዚያ በሌላ ላስቲክ፣ ከዚያ በክዳን ዕቃ። ከነጭ ልብስ ጋር በአንድ ካርቶን መክተት ከእንግዲህ እኔ ዘንድ ክልክል ነው።

ከላካችሁ በኋላ

የመከታተያ ቁጥሩን ለጓደኛችሁ ላኩላት። በሁለት የላቲን ፊደል ጀምሮ፣ ዘጠኝ አኃዝ ይዞ፣ በኢቲ የሚያልቅ ነው፣ ኢቲ ማለት ኢትዮጵያ። ይህ ለሁለት ነገር ይጠቅማል። አንደኛው ዕቃው የት እንደደረሰ ማየት ነው። ሁለተኛው «ዕቃዎ ተይዟል፣ ሁለት ዩሮ ይክፈሉ» እያሉ ሊንክ የሚልኩ አጭበርባሪዎች ናቸው። ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ቶሎ ይነካል። ሊንኩን ሳትነካ ቁጥሩን ራሷ በአድራሹ ገጽ ላይ ታስገባ።

ደብዳቤ ከመጣባት አትደንግጥ። ደረሰኙን፣ የእናንተን አጭር ማስታወሻ፣ «ለልጅሽ ክርስትና» የምትሉበትን መልእክትም ጭምር ይዛ ትሂድ። ከፍላም ቢሆን ወረቀቱን አትጣል። ስህተት ከሆነ ማስመለስ ይቻላል። እንግሊዝ ውስጥ በፖስታ ለመጣ ዕቃ ቢኦአር 286 የሚባል ፎርም አለ። ጀርመንም ውሳኔውን የሚቃወም ሰው አንድ ወር አለው።

ባለፈው ለሲልቨር ስፕሪንግ ስልክ ደግሞ አዲስ ነገር ተማርኩ። ወደ አሜሪካ የሚገባ ምግብ ለምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤታቸው ቀድሞ መመዝገብ አለበት። ነገር ግን አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ራሱ ያዘጋጀውንና ራሱ ለግለሰብ በስጦታ የሚልከውን ከዚህ ነፃ ያደርጉታል። በርበሬውን ያዘጋጀችው እናቴ ናት። ስለዚህ ላኪዋም እሷ መሆን አለባት። ስሟን ጻፍኩ፣ ሁሉንም ዘረዘርኩ፣ 86 ዶላር ብዬ ደመርኩ። እንድትፈርም ፎርሙን ወደ ቤት ወሰድኩላት።

መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች ጣቷን ዋጋው ላይ አድርጋ።

«ዋጋው ነው እማ። ግድ ነው።»

«ለወንድሜ ልጅ ዋጋ ጽፌ ልላክ? አዋርደሽ ልትገይኝ ነው?»

ጉምሩኩን፣ ጣሪያውን፣ የፍራንክፈርቱን ታሪክ በሙሉ አስረዳኋት። ሰማችኝ። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ፈረመችም። ካርቶኑን ላሽግ ብዬ ስኮች ስፈልግ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ዞር ስል እናቴ ቡናማውን ስኮች በጥርሷ በጥሳ የዋጋውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች እየለጠፈችበት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ፖስታ ቤት ሄጄ ሌላ ፎርም ጠየቅሁ።